ሐሙስ ዕለት የጣልኩት ሥጋ

ለንስሐ አባቴ ግማሹን ተናግሬአለሁ። የቀረውን ግማሽ ግን ከእኔ አፍ የሰማ ሰው የለም። ባሌ አልሰማም፣ እህቴ አልሰማችም፣ እሁድ እሁድ አብረውኝ ምሳ የሚበሉት ሴቶችም አልሰሙም። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ። አስካለ እባላለሁ፤ ሮቢንስዴል ነው የምኖረው፤ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንት አጥቤና አልብሼ የማድር ሴት ነኝ። እነዚያ ሴቶች ይህን ካነበቡት ያንብቡት። ከዚህ በላይ መደበቅ ሰልችቶኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከውሸት ነው። አሜሪካ በዲቪ ከመምጣቴ በፊት ጅዳ ውስጥ ለብዙ ዓመት የሰው ቤት ሠርቻለሁ። ሚኒሶታ ስገባ ማንንም አላውቅም ነበርና የተጠጋሁት ቤተ ክርስቲያን ነው። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ምግብ ሲቀርብ፣ እትዬ ሙሉ የሚባሉ ሁሉም የሚያከብራቸውና ትንሽም የሚፈራቸው ሴት አጠገባቸው አስቀመጡኝና «እስቲ የአረብ አገሩን ኑሮሽን አጫውቺን» አሉኝ። አጫወትኳቸው። መጀመሪያ ላይ እውነቱን ነበር የተናገርኩት። ፓስፖርቴ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደተቆለፈበት፣ የምተኛባት ጣሪያ ላይ ያለች ክፍል በቀን እሳት እንደምትሆን ነገርኳቸው። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ከንፈር ሲመጠጥልኝ ደስ አለኝ። ምን እደብቃችኋለሁ? ደስ አለኝ!

በሚቀጥለው እሁድ ጨመር አደረግሁበት። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። በመጨረሻ አሰሪዎቼ ሥጋቸውን በግድ አፌ ውስጥ ይከቱብኝ እንደነበር፣ እኔ ግን እየተፋሁ በዳቦና በቲማቲም ብቻ እንደኖርኩ ተናገርኩ። በእኛ ዘንድ ሥጋ የሚጠየቀው «ማን አረደው?» ተብሎ ነው፤ ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን አይበላም። ስለዚህ እኔ ያንን ሁሉ ዓመት አለመብላቴ ተአምር ሆነ። እትዬ ሙሉ አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ በአዳራሹ ውስጥ «ሰማዕቷ» ነበር የምባለው። ለወጣቶቹም ንገሪያቸው ተባልኩና ማይክ ይዤ ነገርኳቸው።

እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ አሁን ልንገራችሁ። በላሁ። በደንብ አድርጌ በላሁ።

ጅዳ የገባሁት ዛህራ ሆኜ ነው። ደላላው ክርስቲያን አይወስዱም ብሎ ፓስፖርቱ ላይ ዛህራ አስብሎ አስጻፈኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። የዚያ አገር ኑሮ መጀመሪያ ላይ የተገለበጠ መሰለኝ። ቀን ሁሉም ይተኛል፤ ወደ ማምሻው ከሚሰገደው ከዓስር ሶላት በኋላ ከተማው ዓይኑን ይገልጣል። አዛን ሲል ሱቁ መዝጊያውን ያወርዳል፤ ውስጥ የተገኘች ሴት ሶላቱ እስኪያልቅ ጨርቅ እየዳበሰች እዚያው ትቆያለች። «ኢንሻአላህ» ሲሉኝ እሺ ማለታቸው ይመስለኝ ነበር። በኋላ ነው «ኢንሻአላህ» እንደ አባባሉ እንደሆነ የገባኝ፤ ረጋ ብለው ካሉት ይሆናል፣ እየሄዱ ካሉት ተስፋ ቁረጪ ማለት ነው። በረመዳን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የየቤቱ ሠራተኛ ሳህን ይዛ ደረጃውን ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ የሳምቡሳ ሽታ ከታች እስከ ላይ ይሞላል። ጎረቤቱ ሳይደርሰው የቤቱ ሰው አፉን አይከፍትም።

የቤቱ ባልቴት ማማ ኑራ ይባላሉ። ምራታቸው ክፉ ነበረች፤ አህያ ብላ ሰድባኛለች፣ ጫማ ወርውራብኛለች። ይህም እውነት ነው። ማማ ኑራ ግን መሬት ላይ ተቀምጠው ትሪውን መሐል አድርገው «ነዪ» ይሉኝ ነበር። ሥጋውን በእጃቸው ይፈለፍሉና ጮማውን ወደ እኔ በኩል ይገፉታል። እኔ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ጾሜ ነው። ምን ልበል? «ሆዴን አሞኛል» እላለሁ። ስንት ረቡዕና ዓርብ ሆዴን እንዳመመኝ እግዚአብሔር ይወቀው። አንድ ረቡዕ ማማ ኑራ ሳልጠራቸው መጡና ምስር በሳህን አስቀመጡልኝ። «ዛሬ ሆድሽን የሚያምሽ ቀን ነው አይደል?» አሉኝና ፈገግ ብለው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስሩ አልቀረም። ለምራታቸውም ትንፍሽ አላሉም። እንግዲህ እኔ ማይክ ይዤ «በግድ አፌ ውስጥ ከተቱብኝ» ያልኩት እኚህን ሴት ነው!

ሐዋን ያወቅሁትም እዚያው ነው። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የምትሠራ የአርሲ ልጅ፣ ሙስሊም ናት። ዛህራ መሆን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ አባያው እንዴት እንደሚደረብ፣ ሰላምታው እንዴት እንደሚመለስ፣ ቢጠይቁኝ ምን እንደምል። እየሳቀች «አንቺ ሙስሊም ሆነሽ ፋቲሓ የማታውቂ ማን ያምንሻል?» ትለኝ ነበር። ከአንድ ትሪ በልተናል፣ አንዳችን ስትታመም የሌላዋን ሥራ ሠርተናል። እህቴ ነበረች።

ከዓመታት በኋላ እዚሁ ሚኒሶታ፣ ኩን ራፒድስ ከተማ አንድ ትልቅ ግሮሰሪ ገብቼ ሂሳብ ልከፍል ስሰለፍ ከኋላዬ «ዛህራ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሳላስበው ዞርኩ። ሐዋ ናት፤ እሷ በስደተኝነት መጥታ እዚያው ካሽየር ሆና ትሠራለች። ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተገናኝተናል፤ ግን እሷ ብሬክ ስትወጣ መኪናዋ ውስጥ፣ ወይም እሷ ቤት። እኔ ቤት አንድም ቀን አልጠራኋትም። ለምን? አዳራሹ ውስጥ የተከልኩት ውሸት ስለሚጋለጥብኝ ነዋ። «ሥራዬ ሩቅ ነው፣ ስኬጁሌ አይመችም» እላታለሁ። እሷም አመነችኝ።

አባቴ ደብረ ብርሃን የሞተ ጊዜ መጀመሪያ የደወልኩት ለሐዋ ነው። ለእህቴ እንኳ ሳልደውል። እየጮህኩ ሳለቅስ «አድራሻሽን ላኪልኝ» አለችኝ፤ ሳላስብ ላክሁላት። በማግሥቱ ሴቶቹ መጡ፣ ቤቱ ሞላ። በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ እትዬ ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠው ለሴቶቹ ስለ እኔ ጽናት እያወሩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ውጪው በረዶ ነው። ሐዋ በፎይል የተሸፈነ ትልቅ ትሪ ታቅፋ ቆማለች።

«ዛህራ እህቴ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፣ ያጽናሽ። አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለችኝ። «ከብሳ ሠርቼልሽ ነው፤ ያ የበግ ሥጋ ያለበት የምትወጂው ሩዝ። ትናንት ልመጣ ነበር፣ ረቡዕ ነው፣ ጾምሽ ነው ብዬ ሐሙስ እስኪሆን ጠበቅሁ።»

ተመልከቱ። ጾሜን አስባልኛለች። አራጁን ግን አላሰበችም፤ ምክንያቱም እኔና እሷ መካከል አራጅ ኖሮ አያውቅም። የእሷ ስህተት ይህ ብቻ ነው፤ እንደምታውቀኝ አድርጋ መጣች።

ከኋላዬ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቁመው ወደ በሩ ዞሩ። እትዬ ሙሉ «ዛህራ ማናት?» አሉ።

እኔ ምን አልኩ? እኔ «እኔ እንጃ፣ ይቺን ሴትዮ አላውቃትም» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ይህም አልበቃኝም። ትሪውን ከእጇ ተቀበልኩ፣ ኩሽና ገባሁ፣ የቆሻሻውን ክዳን በእግሬ ከፍቼ ሩዙንም ሥጋውንም ሁሉም እያየ ደፋሁት። «የእስላም ሥጋ ለክርስቲያን ለቅሶ ቤት ይመጣል?» ብዬ ጮህኩ። ሩዙ ገና ይጨስ ነበር። ከኩን ራፒድስ እስከ ሮቢንስዴል በዚያ ብርድ እንዳይቀዘቅዝ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ያመጣችውን ነው የደፋሁት።

ሐዋ አልጮኸችም። አንድ ቃል ብትተነፍስ እኮ አልቄ ነበር። «አብረን በልተናል» ብትል፣ ስለ ማማ ኑራ ብታነሳ፣ ሰማዕትነቴ እዚያው በር ላይ ይቀር ነበር። እሷ ግን ሴቶቹን ተራ በተራ አየቻቸው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ገባት። «ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቼ ነው» አለች። «ዛህራ የምትባል ጓደኛ አለችኝ፤ አባቷ ሞቶባት እሷን ፈልጌ ነው። ነፍስ ይማር።» በሩን ራሷ ቀስ ብላ ዘጋችው።

እትዬ ሙሉ «ምስኪን፣ ግራ ገብቷት ነው» አሉና ወሬያቸውን ቀጠሉ። እኔም ተቀምጬ አለቀስኩ። ለአባቴ የማለቅስ መሰላቸው።

ሐዘን ላይ ስለነበርኩ ነው ልበላችሁ? አልልም። አእምሮዬ ልክ ነበር፤ የቱ እንደሚጠቅመኝ በደንብ አውቄ ነው የመረጥኩት። ሐዋን በስድብ አባረርኩ፣ እሷ ደግሞ እየወጣች ውሸቴን ጠበቀችልኝ። ሰው እንዴት እንዲህ ይበድላል? ሰውስ እንዴት እንዲህ ተበድሎ ዝም ይላል? ሁለቱም እስካሁን አልገባኝም።

ንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ አረብ አገር ሥጋ መብላቴንና አንዲት ሙስሊም ሴት ማስከፋቴን ተናገርኩ። አዳራሹ ውስጥ ስለ ማማ ኑራ የዋሸሁትን፣ ሐዋም ማን እንደሆነች ዋጥ አደረግሁት። አባ ስለ ሥጋው አዘኑና ስግደት አዘዙኝ። ስለ ሴትየዋ ሲሆን ግን «ተደናግጠሽ ነው ልጄ፣ እሱ ግድ የለም» አሉኝ። አባን አከብራቸዋለሁ። ግን አልሰገድኩም። ለዚያ ሥጋ አልሰግድም! ያ ሥጋ ኃጢአቴ አይደለም፤ ለራሳቸው ሳይሆን ለእኔ የተፈለፈለ ሥጋ ነው፣ ዛሬም ማማ ኑራ በትሪ ቢያቀርቡልኝ እበላዋለሁ። ኃጢአቴ የበላሁት ሳይሆን የደፋሁት ነው። ይህን መለየት ያቃተው ስለ እኔ የፈለገውን ይበል። ከአዳራሹ ያስወጡኝ ከሆነም ያስወጡኝ፤ በሩን አውቀዋለሁ።

ሐዋ ስልኬን አታነሳም። ስለዚህ ኩን ራፒድስ ድራይቭ አድርጌ ሄድኩና እሷ ያለችበት ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ሙዝና ወተት ይዣለሁ። ተራዬ ሲደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሃይ፣ ሃው አር ዩ ቱዴይ?» አለችኝ።

«ሐዋ፣ በድዬሻለሁ» አልኳት በአማርኛ። «ለሴቶቹ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ።»

ሙዙን መዘነች፣ ወተቱን አሳለፈች። «ፔፐር ኦር ፕላስቲክ?» አለችኝ፤ የወረቀት ከረጢት ወይስ የላስቲክ ማለቷ ነው። ለማታውቀው ሰው የምታሳየውን ፈገግታ ነው ያሳየችኝ፤ አላውቃትም ብዬ የለ? እንዳልኩት አደረገችልኝ። «ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ» ብላ ከኋላዬ ወደቆመው ሰውዬ ዞረች።

ዛሬም እሄዳለሁ። ሌላው ካሽየር ባዶ ሆኖ ቢጠራኝ እንኳ የእሷን ሰልፍ እጠብቃለሁ። እናንተ ግን ይህን አንብባችሁ እግዚአብሔር ይፍታሽ እንዳትሉኝ፤ አልጠየቅኋችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም። ልትፈታኝ የምትችለው ሐዋ ብቻ ናት፣ እሷም አልፈታችኝም፤ ደግ አደረገች።