ከዘፈኑ ያወጣሁት ስም

ልጆቹ ንገሪን ብለው ያዙኝ። የልጅ ልጄ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፎ «እምዬ፣ ይሄ ዘፈን ካንቺ አፍ ነው የወጣው አሉ፤ እውነት ነው?» ሲለኝ እንደ ልማዴ «አዎ» ልለው ነበር። አፌ እምቢ አለኝ።

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም። ጾም ሽሬ ተናዝዣለሁ፣ ሰው አምቼ ተናዝዣለሁ፤ ይህችን ግን ከጉያዬ አላወጣኋትም። ዘፈን ምን ኃጢአት አለው እያልሁ ራሴን ሳባብል ኖርሁ። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

ጥሩዬ ጎረቤቴ ነበረች፤ ንፋስ መውጫ ላይ አጥራችን አንድ። ልጆች እየሞቱባት የቀረላት ፈንታሁን ብቻ ነበር። አዝላው ሳለች በስሙ የምትጠራው ዜማ አውጥታለታለች፤ በሷው አሳደገችው። ገና ጢም ሳያወጣ ሰሊጥ ሊያጭድ ሁመራ ወረደና በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ ጥጥ እየፈተለች ቃል ጨመረችባት፦ «ቆላው አይብላህ ፈንታዬ፣ ደጄን አልዘጋሁም ፈንታዬ»። ወደ ሁመራ የሚወርድ ጎረምሳ ሁሉ ሳያጠናት አትለቀውም። «እዛ ስትደርስ ዝፈናት፤ አንድ ቀን ጆሮው ትገባለች» ትለዋለች። ልጇን የምትፈልግበት መንገድ ይሄው ነበር። እኔ ይህን አውቅ ነበር። ከማንም በላይ እኔ አውቅ ነበር።

ታዲያ አንድ ክረምት የሙዚቀኞች መኪና ደጄ ላይ ባሌስትራው ተሰበረ። «አራቱ» የሚባለው ባንድ ነው፤ ስማቸው ያኔ ገና አልገነነም። ጠላ እሸጥ ነበርና አስገባኋቸው፤ ብርድ አንቀጥቅጧቸዋል፣ ባቄላ ቆልቼ አቀረብሁላቸው። እንዴት ያሉ ደጎች ነበሩ! የመጀመሪያ ካሴታቸው ገዥ አጥቶ በየሱቁ አቧራ እንደጠጣ እየሳቁ አጫወቱኝ። ዘፈናቸው ጩኸት የለበትም፤ ጊታሩን የሕፃን ጀርባ እንደሚመታ ሰው ቸብ ቸብ ያደርጉታል። ዛሬ ልጆቹ «ለስላሳ ሮክ» ይሉታል።

ጊታር የሚመታው «እትዬ፣ እርስዎስ የሚያዜሙልን የለዎትም?» አለኝ። የጥሩዬን ዜማ ያለ ቃል አንጎራጎርሁለት። ክሮቹ ተከተሉኝ፤ ስወጣ ይወጣሉ፣ ስወርድ ይወርዳሉ። በዕድሜዬ እንዲያ ያዳመጠኝ ሰው የለም። «የማን ናት?» አለ።

«የኔ» አልሁ።

ቃሉንም ይበሉልን ሲሉኝ አልሁት። «ፈንታዬ» የሚለው ጋ ስደርስ ግን ስሙን ዋጥሁና «ሆዴ» አልሁ። ለምን? ፈንታ ማነው ብለው ቢጠይቁኝ የጥሩዬ ልጅ ነው ልል ነዋ። እሷ ከአጥሩ ማዶ ነበረች። አንድ ጊዜ ብጣራ ትሰማኝ ነበር። አልጠራኋትም።

ሁለተኛው ካሴት ወጣ። አቤት! ሱቁ ሁሉ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዞረ። አውቶብሱ ያችን ዘፈን ሳይከፍት አይነሳም፤ የመካነ ኢየሱስ ነጋዴዎች እያፏጯት ይመጣሉ። ሽፋኑ ላይ ግጥምና ዜማ የሚለው ጋ የኔ ስም እንዳለ ልጄ አነበበችልኝ። እኔ ፊደል አላውቅም፤ ያችን መስመር ግን በጣቴ እየዳሰስሁ ለየኋት።

ጥሩዬ አጥሩን ዞራ መጣች።

«አንቺ ሌባ!» አለችኝ እየሳቀች። ወዲያው ሳቋ ተቆረጠ። «ዜማውስ ይሁንልሽ። ልጄን የት ጣልሽው?»

«እነሱ ናቸው የቀየሩት» አልኋት። ይሄውላችሁ ሁለተኛው ውሸት።

«እንግዲያ ንገሪያቸው፤ በሚቀጥለው ካሴት ስሙን ያስገቡልኝ። ይሄ መኪና ሁሉ ሁመራ ይወርድ የለም?»

«እነግራቸዋለሁ።»

አልነገርኋቸውም። ስማቸው በገነነበት ጊዜ ደብረ ታቦር መጥተው ሲዘፍኑ አስጠርተው መድረክ ላይ አወጡኝ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ዘፋኙ ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመ። ጆሮው አፌ አጠገብ ነበር። አንዲት ስም ናት የቀረችኝ። ምን አልሁት? «እደጉ» አልሁት። መርቄ ወረድሁ። ሦስተኛው ካሴታቸው ከሁሉም በላይ ተሸጠ፤ ያችን ዘፈን በአዲስ መልክ ደገሟት፣ ያው «ሆዴ» እያሉ። ከዚያ ሲዲ መጣ፣ እነሱም ተለያዩ። እኔ እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ፤ በደሉ የኔ እንጂ የነሱ አይደለም።

ጥሩዬም ቂም አልያዘችብኝም። እስክትሞት ድረስ እንዝርቷን ይዛ እኔ ዘንድ ትውል ነበር። ሬዲዮኑ ዘፈኗን ሲያመጣ «ሆዴ» የሚለው ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ፈንታዬ» ትላለች፤ እንደ ልጅ እልህ ተጋብታ። እኔም አብሬያት እላለሁ። ከቤቱ ጣሪያ አያልፍም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅር የምትለኝ አፈር ገብታለች። ሳላውቅ ነው እንዳልልም አውቄ ነው።

እሷን ከቀበርን ከብዙ ጊዜ በኋላ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ደጄ ቆመ። ፈንታሁን ነው። አንገቱን አቅፌ የት ቀረህ ልጄ ስለው ነገረኝ። ለካ አንድ ዓመት አጨዳው ሲያልቅ ወደ አገሩ ሊመለስ፣ ዕቃውን ይዞ ጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ነበር። ሾፌሩ ካሴት ከፈተ። የእናቱን ዜማ ገና ከመነሻው ለያት።

«ስሜ እስኪመጣ ጠበቅሁ፣ እትዬ» አለኝ። «እስከ መጨረሻው ጠበቅሁ። በኔ ቦታ ሌላ ገብቷል። እናቴ ትታኛለች አልሁና ከመኪናው ወረድሁ።»