በሁለት የባትሪ ድንጋይ የሚሄድ ባቡር

ያስገቡኝ ክፍል ከዚያ በፊት የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ጋምቤላን የሚያውቅ ሰው ይህን ከሰማ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ለማያውቅ ግን፣ ከረፋድ በኋላ ጀርባን ግድግዳ ላይ ማስደገፍ አይቻልም። የማዳበሪያው ሽታ ዓይን ያስለቅሳል። ደጅ ካለው ዛፍ ማንጎ ተበጥሶ ጣሪያው ላይ በወደቀ ቁጥር የታሰርነው ሁላችንም እንደነግጣለን። ትልቅ ሰው በማንጎ ሲደነግጥ ያሳፍራል፤ እኔን ከሙቀቱ ይልቅ ይህ ያናድደኝ ነበር።

ክልሉ ገና በቁጥር፣ ክልል አሥራ ሁለት ተብሎ የሚጠራበት ጊዜ ነው። እኔ ከደጋ ተመድበን ከመጣነው መምህራን አንዱ ነበርኩ፤ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንድ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ የታሰረው ባልደረባችን ጥፋቱ ምን እንደሆነ ጠየቅሁ። በማግስቱ እሱን ፈቱት፣ እኔን አስገቡኝ።

በጥያቄ ሰው አሰሩ እንዳይባል ሌላ ምክንያት ተፈለገ። ከሳይንስ ክበባችን ቁም ሣጥን ሽቦ፣ ሞተርና የባትሪ ድንጋይ ተገኘ፤ ፈንጂ ሊሠራበት ነው ተባለ። የመጫወቻ ባቡር ነበር። ባቡር በዓይናቸው አይተው ከማያውቁ ተማሪዎቼ ጋር ከቆርቆሮና ከለስላሳ ቆርኪ የሠራነው ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወደ አዛዡ ቢሮ ተጠራሁ። ባቡሩ ከነሀዲዱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አዛዡ በዕድሜ ከኔ የሚያንስ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። አልጮኸብኝም።

«ድሮ ይሄን ነገር በመኪና ባትሪ ነበር አሉ የምታስኬደው» አለኝ። «አሁን ኪስ ውስጥ በሚገባ ድንጋይ ሆኗል። ለምን አሳነስከው?»

መምህር ጥያቄ ይወዳል። እዚያም ሆኜ ደስ አለኝ።

«ያኔ ሞተሩ ከመኪና የተፈታ ነበር፤ አሥራ ሁለት ቮልት ካላገኘ አይነቃነቅም። ሀዲዱ ላይ ሚስማር ቢወድቅ ደግሞ ብልጭ ብሎ ሽቦው ይቀልጣል፣ የልጆች እጅ ደግሞ እዚያው ነው። በኋላ ከተበላሸ ቴፕ ትንሽ ሞተር አገኘን፤ በሦስት ቮልት ይዞራል፣ ሁለት ድንጋይ ይበቃዋል። የባቡሩን መብራት የሚቆጣጠሩት ዕቃዎችም ከሬዲዮ የፈታናቸው ናቸው፤ ከዚያ በላይ ከሰጠናቸው ይቃጠላሉ። ዕቃው እያነሰ በሄደ ቁጥር የሚፈልገው ኃይልም ያንሳል።»

«ለመደበቅም ይቀላል» አለ።

አልዋሸም፤ ይቀላል።

«በል አስኪደው።»

ድንጋዮቹ በሙቀቱ አብጠው ውሃቸውን አፍስሰዋል። ይህን ስነግረው በመስኮቱ በኩል ወደቆመችው ፒክአፕ አመለከተኝ።

«ከመኪናው ባትሪ ጋር እናገናኘዋ።»

«ይቃጠላል።»

«ኃይል በዝቶለት የተጎዳ ነገር አላውቅም» አለ።

እምቢ አልኩ። ካልሄደ፣ ባቡር ነው ማለቴ ውሸት ይሆናል። በገዛ እጄ ካቃጠልኩት ደግሞ ማስረጃ አጠፋ እባላለሁ። ቤቴ መግባቴም እዚያ መቅረቴም በዚያች ጠረጴዛ ላይ ነበር።

በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ የዚያው አገር፣ የጎግ ወረዳ ሰው ነው። ምግብ ሲያስገባልን እንኳ አይናገርም። ከወገቡ የእጅ ባትሪውን አውጥቶ ከፈተው።

«አለቃ፣ የኔ ባትሪ ድንጋይ አለው። ሁለት ነው» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ቲቸር፣ ይሄ ይበቃል?»

«ይበቃል» አልኩት።

ባቡሩ ሄደ። የፊት መብራቱም በራ። ጠባቂው አንገቱን አስግጎ ያያል፤ አዛዡም ሳይታወቀው ወንበሩን አስጠጋ። አሁን ይለቁኛል አልኩ። ልቤ ቤቴ ደርሶ ነበር።

አዛዡ ቀና አለ። «እንግዲህ ይሠራል ማለት ነው። ባይሠራ ማስመሰያ ነው እንል ነበር። ከሠራ ግን አንድ ነገር ተሸክሞም መሄድ ይችላል። አቁመው።»

ለካ ሁለቱም መልስ ወደ መጋዘኑ ነው የሚመልሰኝ። ባቡሩ የሀዲዱ አጋማሽ ላይ ነበር። ሽቦውን መንቀል ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። እጄን አልዘረጋሁም።

«አቁመው አልኩህ።»

«ጣቢያው እዚያ ነው» አልኩት፣ ተማሪዎቼ ከሰርዲን ቆርቆሮ የሠሯትን ቤት እያሳየሁት። «ተሳፋሪ ሜዳ ላይ አይወርድም።»

ባቡሩ ጣቢያው ፊት ሲደርስ ሽቦውን ነቀልኩ። ድንጋዮቹን በሸሚዜ ጠርጌ ለጠባቂው መለስኩለት። አዛዡ በጥፊ የመታኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ለምን እንደተፈታሁ ሳይነገረኝ ወጣሁ። ባቡሩን አልመለሱልኝም። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ባለቤቴ ይህን ባወራሁ ቁጥር፣ «ለአንድ ክንድ ሀዲድ ብለህ በጥፊ ተመታህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ከክንድ አይበልጥም። ግን በእነዚያ ወራት በኔ ፈቃድ የተሄደች መንገድ ያቺው አንድ ክንድ ብቻ ናት።