ጽዋውን ለበሽተኛው

በከተማችን በቁሓ ሰው ሲታመም ጎረቤት አስቀድሞ የሚጠይቀው "ኣስካል ሰምታለች?" ብሎ ነው። ኣስካል ሐኪም አይደለችም፤ ዕድሜዋን የፈጀችው በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት ነው። በጦርነቱ መንገዱም ባንኩም ተዘግቶ ሰው በየቤቱ ብቻውን በሚማቅቅበት ጊዜ የበሽተኛ አንሶላ እየሰበሰበች ማጠብ ጀመረች። ከአንሶላው ጋር ሾርባ፣ ከሾርባው ጋር ወሬ ይዛ ትገባለች። ያ ጊዜ አለፈ፤ እሷ ግን አላቆመችም።

ፍልስፍና ሳስተምር ስለ በጎነት ብዙ ተናግሬያለሁ። አሁን በእርጅናዬ የማስበው፣ መስጠቱ ሳይሆን ተቀባዩን ሳያሳንሱ መስጠቱ ነው የሚከብደው። ይህ ሲሆን በዓይኔ ያየሁት በጎረቤታችን በረታ ላይ ነው።

ረታ ከደብረ ብርሃን መጥቶ በመንገድ ቀያሽነት እዚሁ ያረጀ፣ ቤተሰብ የሌለው ሰው ነው። አምና ሆዱን ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሐኪሙ "ካልበላህ ቁስሉ አይሽርም፤ አትተርፍም" ብሎ ሸኘው። ረታ ግን የኣስካልን ሾርባ እንደተከደነ ይመልሳል።

"ኣያ ረታ፣ ዛሬስ?"

"በልቻለሁ።"

"ምን በላህ?"

"ስሚ አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ለማኝ አይደለሁም።"

"ለማኝማ ይበላል" አለችውና ድስቷን አንሥታ ወጣች።

ጉንጩ በየቀኑ እየጎደጎደ ሄደ።

ለሰኔ ሚካኤል የጽዋ ማኅበራችን ደጋሽ ኣስካል ነበረች። በሥርዓታችን ደጋሹ በመጨረሻ ጽዋውን ለተረኛው ያስረክባል፤ የተቀበለ በሚቀጥለው ወር ደግሶ ማኅበርተኛውን ያበላል። ማኅበርተኛ ሲታመም ደግሞ ከየቤቱ ምግብ ይሄድለታል፤ ወጉ ነው፣ ማንም ምጽዋት አይለውም። ኣስካል ጽዋውን ይዛ ቆመችና "የምሰጠው ለረታ ነው" አለች።

ጎረቤቷ ኣልጋነሽ ሳቀች። "አልጋ ላይ ላለ ሰው? ቢሞትስ? የሚካኤልን ድግስ ማን ሊደግስ ነው?"

"ካልሰጠሁት ነው የሚሞተው።"

"ማኅበርተኛ እኮ አይደለም።"

"ዛሬ ይገባል። የማይፈልግ ካለ ሄዶ ለራሱ ለረታ ይንገረው።"

ሁላችንም ወደ ነጋ ዞርን፤ የማኅበሩ መሪ እሱ ነው። ነጋ ጢሙን አሻሸ። ከዚያ ተነሥቶ ጫማውን አጠለቀ። ተከተልነው።

ረታ ሲያየን አንሶላውን እስከ አገጩ ሳበ። ኣስካል ጽዋውን ዘረጋችለት።

"ተራህ ነው።"

"የምን ተራ?"

"የሐምሌ ሚካኤል። ሁላችንንም ታበላለህ። ደግሞ እንደ ኣልጋነሽ ሥዋ ቀጭን ጠላ እንዳትጠምቅብን።"

"ውሸታም" አለች ኣልጋነሽ ከበሩ።

"እኔ በዚህ አቅሜ…"

"እምቢ በላ። የሚካኤልን ጽዋ የመለሰ ሰው በዚህ ሰፈር አላየንም፤ አንተን እንይ።"

ረታ ሁለት እጁን አወጣ። ነጋ ጽዋውን ከሥር ደገፈለት።

በማግስቱ ኣልጋነሽ አጥሚት ይዛ ሄደች። "የማኅበርህ ነው፣ ጠጣ" አለችው። ጠጣ። ከዚያ ወዲያ ድስቱ ከየቤታችን ተራ በተራ ይሄድ ጀመር፤ አንሶላው ግን ከኣስካል እጅ አልወጣም። ረታ እየበላ ይከራከራል፦ ጌሾው ከማን እንደሚገዛ፣ ዝናቡ ቢመጣ ሰው የት እንደሚቀመጥ። የሚሞት ሰው ስለ ጌሾ እንዲህ አይጨቃጨቅም ብዬ ልቤ ረጋ።

ሐምሌ ሚካኤል በዝናብ ዋለ። ረታ በዱላ ተደግፎ ደጃፉ ላይ ተቀበለን። ቄሱ ዳቦውን ባርከው ሲቆርሱ ለየሰው እየዞረ ያደለው ራሱ ነው። ኣስካል እንደ ልማዷ ልታስተናግድ ብድግ አለች።

"ተቀመጪ" አላት ረታ። "ዛሬ የእኔ እንግዳ ነሽ።"

ተቀመጠች። ሰው ሲያዛት ስትታዘዝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ብዙ ባለሥልጣን ሲከበር አይቻለሁ፤ በሰፈሬ ሰው የኮራሁትን ያህል ግን በማንም ኮርቼ አላውቅም። የሰጣትን ቆርሳ ጎረሰችና "ጨው አንሶታል" አለችው።

ረታ እየሳቀ ቁስሉን በመዳፉ ያዘ፤ ከዚያ ሁለተኛ ቁራሽ ጨመረላት።