መሪጌታ በገቡ ቁጥር

የደባርቅ ቤተ መጻሕፍታችን ከሰዓት በኋላ የተከፈተው ለሁለት ሳምንት ሙከራ ነበር። ኃላፊው «ሰው ቁጭ ብሎ ካነበበ ይቀጥላል፤ ገባ ወጣ ብቻ ከሆነ እንዘጋዋለን» ብለዋል። እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ነኝ፤ ቤታችን ደግሞ ሦስት ታናናሾች አሉ፤ አንዱማ ደብተሬን ካልተንተራሰ እንቅልፍ አይወስደውም። ያ ክፍል ቢዘጋ የማነብበት ቦታ የለኝም፤ አለቀ!

ማን ቁጭ ብሎ እንዳነበበ፣ ማን ገባ ወጣ እንዳለ ማን ይመዝግብ ሲባል ታላቅ ወንድሜ «እኔ አለሁ» አለ። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ያጠናል፤ የመመረቂያ ሥራ እየፈለገ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ሲገባ ጣሪያው ሥር ካሜራ ሰቅሎ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው። ኮምፒውተሩ ሰው ባየ ቁጥር ዙሪያውን ሣጥን ይሥልበታል፤ ለተቀመጠ አረንጓዴ፣ ለቆመ ቀይ። የራሴን አረንጓዴ ሣጥን ሳይ እንዴት እንደፈነደቅሁ!

ደስታዬ ሦስት ቀን እንኳ አልቆየም። ወንድሜ ውጤቱን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እናንተ መቀመጥ አትችሉም እንዴ? በየደቂቃው ብድግ! ኮምፒውተሩ ‹ሊሄዱ ነው› እያለ ነው የሚመዘግባችሁ።»

«መሪጌታ ሲገቡ ነዋ!»

መሪጌታ የሰፈራችን ደብር የቅኔ መምህር ናቸው። በቅሏቸውን በሩ ላይ አስረው ጋዜጣ ሊያነቡ ይገባሉ። አንድ ገጽ ያነባሉ፤ በቅሎዋ የሰው አጥር እንዳትበላ ሊያዩ ይወጣሉ፤ ይመለሳሉ። በገቡ ቁጥር እኛ ብድግ ብለን «ኖር!»፣ እሳቸው «በእግዚአብሔር! ተቀመጡ ልጆቼ»። ክፍሉ በሙሉ ቀይ!

«እና አትነሡላቸዋ!» አለ።

«ወንድምጋሼ፣ አንተ ራስህ ካሜራውን ስትሰቅል ለሳቸው ብለህ ከመሰላል ወርደህ የለ?»

«እሱ ሌላ ነው።»

ምኑ ነው ሌላው? ግን ክፍሉ እንዳይዘጋ ፈርቼ በማግሥቱ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ እየዞርሁ «እባካችሁ ዛሬ አትነሡ» ብዬ ለመንሁ። መሪጌታ ገቡ። ማንም አልተነሣም። በሩ ላይ ቆም ብለው አዩን።

«ምነው ልጆቼ፣ ያስቀየምኋችሁ ነገር አለ?»

መጀመሪያ ብድግ ያልሁት እኔው ነኝ። ወንድሜ ላፕቶፑ ላይ ግንባሩን ደፋ።

«ታዲያ ተነሥቶ መልሶ የሚቀመጥ ሰው እንዳልሄደ አስተምረዋ፣ ይኸን ድንጋይ!» አልሁት።

«ሪፖርቱን ለኃላፊው የማስረክበው ነገ ነው፤ በምን ጊዜዬ?»

«እሺ፣ ለምን እንደምንነሣ እኔ እጽፈዋለሁ።»

አንድ ገጽ ሞላሁ። መሪጌታን ጻፍሁ፣ በቅሎዋን ጻፍሁ፣ «ተነሥተን የትም አልሄድንም፤ ተቀምጠን ካቆምንበት መስመር ቀጠልን» ብዬ ጻፍሁ። ወንድሜ ሆዬ ገጼን ከሪፖርቱ መጨረሻ ወሽቆ፣ በራሱ ስም አስረከበው!

ኃላፊው ከዚያ ሁሉ ሪፖርት ያነበቡት እሷኑ ገጽ ነው አሉ። «ይችን በቅሎ አውቃታለሁ፤ የኔንም አጥር በልታለች» ብለው ሳቁ፤ ከሰዓት ይከፈት ብለውም ፈረሙ። ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ!

«ሰኞስ? ረቡዕስ? ዓርብስ?» ብዬ ወንድሜ ላይ ጮህሁ። ትከሻውን ሰበቀ።

ያኔውኑ ሁለተኛውን ገጽ ጀመርሁ። በዚህኛው ግን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍሁት ስሜን ነው።