የእናቴ የድሬዳዋ ትኬት

እናቴና ድሬዳዋ ያለችው እህቷ በወንድማቸው ሠርግ ላይ ተኳርፈው ዓመታት ሳይነጋገሩ ቆዩ። በቀደም ግን እናቴ ድንገት ተነስታ፣ «ሳልነግራት ሄጄ እታረቃታለሁ» ብላ የአውሮፕላን ትኬት አስቆረጠችኝ።

በመሄጃዋ ዋዜማ፣ በረራው በአንድ ቀን መገፋቱን የሚገልጽ መልእክት በስልኬ ደረሰን። ጠዋት ቦሌ መንገድ ላይ ወዳለው የአየር መንገዱ ቢሮ ይዣት ሄድኩ። ለክርክር ተዘጋጅቼ ነበር፤ አስተናጋጇ ግን በትህትና፣ «በረራውን የቀየርነው እኛ ስለሆንን ሙሉ ገንዘብዎን መውሰድ መብትዎ ነው። ካልፈለጉ በነገው ይሄዳሉ» አለቻት።

«ገንዘቡ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው ዛሬ መሄድ ነው» አለች እናቴ። «ነገ ልቤ ሊቀየር ይችላል።»

«እማዬ፣ ለጊዜው ብሩን ውሰጂና ሌላ ቀን ትሄጃለሽ» ብላት ጭራሽ እኔንም አኮረፈችኝ። ከኋላችን የተሰለፉት ማጉረምረም ሲጀምሩ ስልኳ ጠራ። የደዋይዋን ስም ስታይ ቶሎ አነሳችው።

«አልማዝ» አለች አክስቴ፤ ድምጿ ለእኔም ይሰማኛል። «ሳልነግርሽ መጥቼ ቦሌ ኤርፖርት በር ላይ ቆሜያለሁ። ቤትሽ ጠፍቶብኛል፣ ነይና ውሰጂኝ።»

እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ አስተናጋጇ ዞረች።

«በይ የኔ ልጅ፣ ገንዘቤን መልሺልኝ።»