በግሪክኛ የተከፈተ በር

አከራዬ አዴ ዘይነባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሆስፒታል ተኝተዋል። በአሰላ ብርድ አጥሚት በፔርሙዝ ይዤ ስደርስ ዘበኛው በሩን ዘጋብኝ።

«ቤተሰብ ብቻ!»

«የአዴ ዘይነባ ቤተሰብ ነኝ።»

አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየና ሳቀ። «የአዴ ዘይነባ? ምናቸው ነሽ?»

«ተከራያቸው።»

«ተከራይ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቤተሰብ የሆነው?»

ደሜ ፈላ። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፤ እኔ አልጋ ላይ ስወድቅም ያስታመሙኝ እሳቸው ናቸው። ባለፈው እሑድ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን ያስተማረን ትዝ አለኝ።

«ስማ! ቤተሰብ በግሪክኛ ኦይኮስ ይባላል። ኦይኮስ ማለት ደግሞ ቤት ነው። የምኖረው እሳቸው ቤት ነው፤ ስለዚህ ቤተሰባቸው ነኝ!»

«ያ ረቢ! አንቺ ግሪክ ነሽ እንዴ?»

«አዎ፣ ግሪክ ነኝ! ምን ይጠበስ?»

ጭቅጭቁ ሰለቸው መሰለኝ፣ «በይ ግሪኳ፣ ግቢ» ብሎ በሩን ከፈተልኝ። አንድ እግሬን እንዳስገባሁ ከኋላዬ ጫጫታ ሰማሁ። ዞር ስል የግቢያችን ተከራዮች በሙሉ ቆመዋል። ከጢቾ የመጣው ልብስ ሰፊ ከነሚስቱ ከፊት ሆኖ፣ የራሱን ፔርሙዝ ወደ ላይ አንስቶ ይጮኻል፦

«እኛም ግሪክ ነን!»