አጃቢው ተጫራች

የእህቴ ባል ፍሬን የሚይዘው በሁለት ምት ነበር። የመጀመሪያው ለመቀስቀስ፣ ሁለተኛው ለማቆም። “አንድ ጊዜ ተጠርታ አትመጣም” ይላል፣ ማኪናዋን። ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ የእንግሊዝ ሥሪት ናት። ከደባርቅ ተነሥታ፣ የቧሂትን ተራራ ተሻግራ በገበያ ቀን መካነ ብርሃን ትወርዳለች፤ ከፊት ጨርቅ ነጋዴዋ እህቴ፣ ከኋላ ሰውና ጭነት። እኔ ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ተቀምጬ መጽሐፍ አነባለሁ፤ ካነበብሁት ጋርም እከራከራለሁ። የቤተሰባችን የሥራ ክፍፍል ይህ ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አብሬያቸው ወረድሁ። ቧሂትን አልፈን መንገዱ ወደ ግራ ሲጠመዘዝ እህቴ የጀመረችውን ወሬ አቋረጠች። አማቼ ፔዳሉን ሁለቴ መታ፤ ደግሞ መታ። ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ። ማርሽ ቀነሰ፣ ማኪናዋ ጮኸች፣ መሪውን ወደ ተራራው አዞረና ጎኗን ከድንጋዩ ጋር እያፋተገ አቆማት። በሌላው ወገን ምን እንደነበረ አላየሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

“ገደል ገባን?” አልሁ።

“ብንገባማ አትጠይቅም ነበር” አለ አማቼ፣ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ እየወሸቀ።

ጎንደር ያለው መካኒክ፣ የተበላሸው የፍሬን ማስተሩ ነው አለን፤ እግር ፔዳሉን ሲረግጥ ዘይቱን ገፍቶ ወደ ጎማዎቹ የሚልከው ዕቃ። አዲሱ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ውስጡ ያሉትን የላስቲክ ቀለበቶች ከሌላ መኪና አምጥቶ ቀየረልን። “ይይዛል። እስከ መቼ እንደሆነ ግን እኔን አትጠይቁኝ” ብሎ እጁን ጠረገ።

ከዚያ ወዲህ የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ሥራ መሥራት ተውሁ። ከቧሂት ወዲያ ኔትወርክ አስቸጋሪ ነው። እህቴ ስልክ ላይ እደውላለሁ፤ ያቺ የተቀዳች የሴት ድምፅ አሁን ልታገናኘኝ እንደማትችል በትሕትና ትነግረኛለች። ዝምታው የኔትወርክ ይሁን የገደል የምለይበት መንገድ አልነበረኝም። ስለ ፍርሃት ብዙ የተጻፈ አንብቤአለሁ። ከጸሐፊዎቹ አንዱም ስልክ አልያዘም ነበር።

የአሮጌ መኪና ዕቃ በስልክ የሚጫረቱበትን ግሩፕ ያገኘሁት በዚህ መካከል ነው። ሻጩ ፎቶ ይለጥፋል፣ ተጫራቹ ከሥር ዋጋ ይጽፋል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። የእኛ ማኪና ማስተር ከነካርቶኑ ተለጥፏል። “ኦሪጅናል። ያልተነካ።” ዋጋ ጻፍሁ። ወዲያው አንድ ሰው ጨመረብኝ። ፎቶ የለውም፤ ስሙም አንዲት ነጥብ ብቻ ናት። ጨመርሁ፤ ነጥብ ጨመረ። አንድ ቀን ሙሉ ዝም አልሁ፤ ነጥብም ዝም አለ። እንደገና ስጽፍ ጣቴን ሳላነሣ መጣ። የቀድሞዎቹን ጨረታዎች ወደ ኋላ ሄጄ ሳይ በራዲያተሩም ነጥብ አለ፣ በመሪውም አለ። ሌላውን ሰው ሽቅብ ያስሮጠዋል፤ ሰውየው ሲያሸንፍ ነጥብ ይጠፋል።

እንዲህ ላለው ቃል አለን፤ አጃቢ። ሙሽራ የሚያጅብ አለ። በመሥሪያ ቤት ጨረታ ደግሞ ላያሸንፍ ገብቶ፣ ሌላው በውድድር ያሸነፈ እንዲመስል ቁጥር የሚያሟላ አለ።

አርብ ዕለት እህቴና አማቼ ቤቴ መጡ። ስልኩን አሳየኋቸው።

“ይህ ነጥብ ራሱ ሻጩ ነው” አልሁ። “በአንድ እጁ ይሸጣል፣ በሌላው ያጅባል።”

አማቼ ስልኩን ከዓይኑ አርቆ አየው። “ቢያጅብስ? እኔስ በመድኃኔዓለም ንግሥ የማደርገው ምንድን ነው? የስለቱን ጃንጥላ አንሥተው ‘ስለ መድኃኔዓለም ጨምሩ!’ ሲሉ፣ የሰፈራችን ባለሱቅ ኪሱን ሲዳብስ እጨምርበታለሁ። ጃንጥላ ምን ያደርግልኛል? እሱ ይናደዳል፣ ይጨምራል፣ ታቦቱ ይጠቀማል።”

“አያ፣ ያ ለታቦት ነው። ይህ ለሌባ ነው።”

“ሌባውን አየኸው?”

“አላየሁትም።”

“ታዲያ ያላየኸው ሁሉ ሌባ ነው?” አለች እህቴ። “ይልቅ ጨምርና ገላግለን።”

“አልጨምርም። ነገ ሲዘጋ ዕቃው በገዛ እጁ ላይ ይቀራል። ለራሱ ሸጦ አይበላ፤ ተመልሶ ወደ እኔ ይመጣል።”

“ሰው ቢሆንስ?”

“ሰው አይደለም።”

“ሰው ቢሆንስ ነው የምልህ። እንደ እኛ ፍሬን የቸገረው።”

ክርክሬ ግን ያምር ነበር። የሚያምር ክርክር ስይዝ ደግሞ ለእህቴም አልመለስ።

ቅዳሜ ጨረታው ተዘጋ። ነጥብ አሸነፈ። ሻጩ “እንኳን ደስ አለህ” ብሎ ጻፈለት፤ ነጥብም የሁለት የተገጠሙ እጆች ሥዕል ልኮ አመሰገነ። እነዚያን ሁለት እጆች ደጋግሜ አየሁ። ሰው ራሱን እንዲህ ደግሞ ያመሰግናል?

እሑድ ሻጩ አልጻፈም። ሰኞም አልጻፈም። የገበያው ቀን ደረሰና እህቴና አማቼ በዚያው በአሮጌው ላስቲክ ወረዱ። ስደውል የተቀዳችው ሴት መለሰችልኝ። ነጥብ ቀስ በቀስ ፊት አወጣ፤ ሌላ ተራራ ላይ ያለ፣ ልጆች የጫነ፣ የእኔን ማስተር ገጥሞ በአንድ ምት የሚቆም ሰው ሆነ። እህቴን ደግሞ ያቺ ወደ ግራ የምትጠመዘዝ ቦታ ላይ አየኋት፣ ወሬዋን አቋርጣ። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ሲርገበገብ ከእጄ ወደቀ።

እህቴ አልነበረችም። “ሰላም ወንድም። አሸናፊው ሐሳቡን ቀይሯል። ሁለተኛ የወጣኸው አንተ ነህ። ባልኸው ዋጋ ትወስደዋለህ?”

ትክክል ነበርሁ። ደስታው አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጥቼ እስክጨርስ እንኳ አልቆየም። ከባዶ ገዢ የሚፈጥር ሰው ከባዶ “ኦሪጅናል” መፍጠር ያቅተዋል? እስከዚያች ሰዓት የፈራሁት ነጥብ ሰው እንዳይሆን ነበር፤ አሁን ምነው ሰው በሆነ አልሁ። ሰው ከሆነ ሻጩ ታማኝ ነው፣ ፍሬኑም ፍሬን ነው። ቆይቼ ደግሞ ሌላ መጣብኝ፤ እውነተኛ ሰው ከሆነና እውነትም ሐሳቡን ከቀየረ፣ ምን አይቶ ቀየረ?

እህቴ ማምሻውን ከመካነ ብርሃን ደወለች። የሻጩን መልእክት ነገርኋት።

“እሰይ፣ በል ግዛው” አለች።

“ውሸታም ነው እኮ። እኔ ያልሁት ሆነ።”

“ይህም ላስቲክ ውሸታም ነው። ዛሬ በሦስት ምት ነው የያዘው።”

ገዛሁት። ማስተሩ በአውቶቡስ መጣ። መካኒኩ ካርቶኑን ከፍቶ ዕቃውን አገላበጠ፣ በጥፍሩ ጫረው።

“ኦሪጅናል ይመስላል” አለ።

“ይመስላል ወይስ ነው?”

“ይመስላል።”

ገጠመው። አማቼ ጋራዡ ግቢ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ነዳትና በመስኮት ወጥቶ ጮኸ፤ “አንድ ምት! ሸጋ!”

“አያ፣ ባዶዋን ጥቂት ቀን እዚሁ ሜዳው ላይ ንዳት።”

“በሜዳውማ አሮጌውም ይይዝ ነበር።”

“ሻጩን አላምነውም።”

“እኔም አላምነው። የምረግጠው ፍሬኑን ነው ወይስ ሻጩን?”

“ያሸነፍኸው ክርክር እኮ ነው” አለች እህቴ፣ ጥቅሏን እየጫነች። “ምነው አሁን ጠላኸው?”

ብቀር ስልክ ይዤ ልቀመጥ ነው። ስለዚህ ገባሁና በመካከላቸው ተቀመጥሁ። እስከ ደባርቅ ደኅና ነበርሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱን ሳይሆን የአማቼን ጉልበት ነበር የማየው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ምቱን እቆጥራለሁ። በየቁልቁለቱ በአንድ ምት ያዘ። ይህ ይበልጥ አስፈራኝ፤ ውሸታም መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ይይዛል።

ቧሂትን አልፈን ያቺ ጠምዛዛ ብቅ ስትል፣ በድንጋዩ ላይ የማኪናችን ቀለም አሁንም እንደ ተለቀለቀ ነበር። እህቴ ወሬዋን አቋረጠች። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ እግሬ አየች። ቀኝ እግሬ ፔዳል በሌለበት ባዶውን ወለል እስከ መጨረሻው ረግጦታል።

“እግርህን አንሣ፣ ወለሉን ትበሳዋለህ!”

አማቼ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። “ተዪው” አለ። “ያጅበኝ።”

ረገጠ። ማኪናዋ ዝግ አለች፤ ጠምዛዛውን ዞርን። ሌላው ከፊታችን ነበር።

አሁንም በየገበያው ይወርዳሉ። ማስተሩ እንደያዘ ነው። እኔም በዚያ ቀን ጎንደር ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ ድንገት ወደ ታች ሳይ ቀኝ እግሬ ወለሉን ረግጦ አገኘዋለሁ። አላነሣውም።